ክራፍትቬርክ፣ «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» (1977)፦ ይህን አልበም ታላቅ ያደረገው ምንድን ነው?

የራይን ማዶ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ኮሎኝ ሲሆን የምሠራው ዱሰልዶርፍ ስለሆነ ጠዋትና ማታ በባቡር እመላለሳለሁ። ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ በየቀኑ የምወርድበት ከተማ ክራፍትቬርክ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ከተማ መሆኑን ሲነግረኝ፣ የቡድኑን ስም ከመስማት በቀር አንድም ሥራቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጬ አዳምጬ እንደማላውቅ ተገነዘብኩ። እርሱም በ1977 የወጣውን «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» መረጠልኝ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልበሙን እስካሁን አራት ጊዜ አዳምጬዋለሁ። ያደግሁት ድምፃዊው አንጀቱን አውጥቶ በሚያዜምበት፣ ሳክስፎኑ ለድምፃዊው መልስ በሚሰጥበት፣ ምቱም እንደ ተጫዋቹ ስሜት በሚፈጥንና በሚረጋበት ሙዚቃ ስለሆነ እዚህ ውስጥ የምጨብጠው ነገር አጣሁ። ዘፋኙ ከመዝፈን ይልቅ የሚያወራ ይመስላል፤ አንዲት አጭር ሐረግ ሳትለወጥ ለደቂቃዎች ትመላለሳለች፤ የደስታም ሆነ የሐዘን ቦታው የት እንደሆነ ለመለየት ይቸግራል። ሆኖም አልበሙን አልጠላሁትም፤ ብጠላው ኖሮ አራት ጊዜ ባልሰማሁት ነበር።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ይህ ቅዝቃዜ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ወይስ በዚያ ዘመን የነበሩት መሣሪያዎች የሚችሉት ያን ያህል ብቻ ስለነበረ ነው? በተጨማሪም፣ በኒው ዮርኩ ብሮንክስ ሰፈር የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች በዚሁ ሙዚቃ ይጨፍሩ እንደነበር አንብቤአለሁ። እኔ ባቡር ውስጥ እግሬን እንኳ ያላነቃነቀው ሙዚቃ እነርሱን ምን ብሎ አስነሣቸው?

ኪቦርድ ተጫዋች፦

ውድ የራይን ማዶ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን እኔ ልሞክረው። ለብዙ ዓመታት በሠርግና በምሽት ክበብ ኪቦርድ ስጫወት ስለኖርኩ ይህን አልበም የምሰማው በጣቶቼ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ማሽን የተጫወተው ይመስለዋል፤ ምቱ ግን በአብዛኛው በሰው እጅ የተመታ ነው። የቡድኑ ምት መቺዎች ቮልፍጋንግ ፍሉር እና ካርል ባርቶስ ከፊታቸው ጠፍጣፋ የብረት ገበታዎች ነበሯቸው፤ በሽቦ የተያያዘው የብረት ዱላ ገበታውን በነካ ቁጥር የኤሌክትሪክ ዑደቱ ይዘጋና የከበሮው ድምፅ ይወጣል። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ላይ በኃይል መምታትና በቀስታ መምታት ልዩነት ስለሌለው ለተጫዋቹ የሚቀረው ጊዜውን መጠበቅ ብቻ ነው። ባርቶስ እዚያው ዱሰልዶርፍ በሚገኘው በሮበርት ሹማን የሙዚቃ ተቋም የኦርኬስትራ ምት መሣሪያዎችን የተማረ ሰው ነው። እርስዎ ቅዝቃዜ ብለው የሰሙት፣ ለብዙ ዓመታት የተገራ እጅ አንዲት ፍንጣሪ ሳይጨምር ሲቀር የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ሞክሬው ስለማውቅ ምን ያህል እንደሚከብድ እነግርዎታለሁ።

በእርግጥ ማሽንም አለ። ቦን ከተማ የነበሩት ማተንና ቪሸርስ የተባሉ ባለሙያዎች ሲንታኖርማ የሚባል ሲኩዌንሰር ሠርተውላቸዋል። ሲኩዌንሰር ማለት ተራ በተራ የሚነሡትን ኖታዎች ይዞ በተወሰነ ፍጥነት ለሲንተሳይዘሩ (ድምፅን በኤሌክትሪክ ለሚፈጥረው መሣሪያ) የሚያቀብል መሣሪያ ነው። «ዩሮፕ ኢንድለስ» በሚለው የመክፈቻ ዘፈንና «ፍራንዝ ሹበርት» በሚለው ውስጥ ያለ ዕረፍት የምትሮጠው ሐረግ የዚህ መሣሪያ ሥራ ናት። ይህች ሐረግ ለአንድ ሰው እጅ ብትሰጥ ኖሮ ጣቶቹ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ እርሷኑ ሲያሳድዱ በዋሉ ነበር፤ ማሽኑ ስለያዘለት ግን ሰውየው ነፃ ወጥቶ ስለ ዜማውና ስለ ድምፁ ቀለም ማሰብ ጀመረ። የመክፈቻውን ዘፈን እንደገና ሲሰሙ ጆሮዎን ከተመላላሿ ሐረግ አንሥተው ከላይዋ በሚደራረቡት ላይ ያሳርፉት፦ መጀመሪያ ብቻዋን ከሩቅ ትመጣለች፣ ምቱ ይከተላታል፣ ከዚያ ዜማው፣ ከዚያም የመዘምራን የሚመስል ድምፅ ይገባል።

ስለ መዘምራኑ ድምፅ ካነሣሁ አይቀር፣ እርሱ ኦርኬስትሮን ከሚባል የአሜሪካ ኪቦርድ የወጣ ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ቀድሞ የተቀረጸ ድምፅ በብርሃን በሚነበብ ግልጽ ዲስክ ላይ ታትሟል፤ ቁልፉን ሲጫኑ መብራቱ ዲስኩን ያነብና ድምፁ ይሰማል። ጥራቱ ዝቅተኛ ነበር፤ ነገር ግን ያ ትንሽ አቧራ የለበሰ የሚመስል ድምፅ ነው ለአልበሙ የአሮጌ ፎቶግራፍ መልክ የሰጠው። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሴ ሆን ተብሎ ነው የሚል ነው፤ የቡድኑ መሥራቾች፣ ዘፋኙ ራልፍ ሁተር እና ፍሎሪያን ሽናይደር፣ የራሳቸው ስቱዲዮ ክሊንግ ክላንግ ስለነበራቸው የሰዓት ኪራይ ሳያሳስባቸው የፈለጉትን ያህል መሞከር ይችሉ ነበር፤ ያወጡትም የመረጡትን ነው።

ከእኛው ሙዚቃ ጆሮ የሚያለማምድ ነገር ከፈለጉ፣ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ የሠራውን «ሸሞንሟናዬ» ይስሙ። አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለቴ አይደለም። እዚያም ድራም ማሽኑ ንቅንቅ ሳይል ስለሚቆም አኮርዲዮኑ በላዩ ላይ እንደልቡ ሲመላለስ ይሰማል፤ የማይንቀሳቀስ ነገር የሚንቀሳቀሰውን እንዴት እንደሚያጎላ እዚያ በቀላሉ ይገባዎታል።

ሐዲድ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ አልበሙ ስለ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ድምፁ ብቻ መነጋገር ጎደሎ ይመስለኛል፤ ስለ ባቡሩ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ በእውን የነበረ የባቡር አገልግሎት ነው። በ1957 ሲጀመር ምዕራብ ጀርመንን፣ ፈረንሳይን፣ ጣሊያንን፣ ስዊዘርላንድንና የቤኔሉክስ አገሮችን (ቤልጂየምን፣ ኔዘርላንድንና ሉክሰምበርግን) የሚያገናኝ፣ አንደኛ ማዕረግ ብቻ ያለው ፈጣን ባቡር ነበር። ዓመቱን ልብ ይበሉ፤ ኋላ የአውሮፓ ኅብረት ለሆነው ማኅበር መሠረት የጣለው የሮም ውል የተፈረመውም በዚያው በ1957 ነው። የድንበር ቁጥጥሩ ባቡሩ እየሄደ ስለሚፈጸም መንገደኛው ጠረፍ ላይ ሻንጣውን ይዞ መሰለፍ አይጠበቅበትም ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ገና 12 ዓመት መሆኑን ስናስታውስ ይህ ምን ማለት እንደነበረ ይገባናል።

ሁተርም ሽናይደርም ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱ ናቸው። በዚያ ትውልድ ያለ ጀርመናዊ ሙዚቀኛ ሊይዘው የሚችለው ነገር ጥቂት ነበር፤ የአባቶቹን መዝሙር ናዚዎች አበላሽተውታል፣ ሬዲዮው የሚያሰማው የአሜሪካና የእንግሊዝ ዘፈን ነው። እነዚህ ሰዎች ብሉዝ እንዘምር አላሉም። ከ1951 ጀምሮ በአጎራባቿ ኮሎኝ፣ በእርስዎ ከተማ ማለት ነው፣ የሬዲዮ ጣቢያው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮ ይሠራ ስለነበር ከእርሱ ተማሩ፤ ጀርመናዊነታቸውን ወደ ጎን ትተው «እኛ የአውሮፓ ነን» ለማለት ባቡሩን መረጡ። ሐሳቡን ያቀረበላቸው ፖል አሌሳንድሪኒ የተባለ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ነገሩ የተነሣው በፓሪሱ ጋር ደ ሊዮን ጣቢያ ውስጥ ባለው «ለ ትራን ብሎ» ምግብ ቤት ምሳ ሲበሉ እንደነበር ይታወቃል።

የርዕሱ ዘፈን ግጥም ከሞላ ጎደል የጉዞ ማስታወሻ ነው፦ በፓሪስ ሻንዜሊዜ ላይ ቀጠሮ፣ በቪየና የሌሊት ካፌ፣ በመጨረሻም ወደ ዱሰልዶርፍ ተመልሶ ከሮክ ዘፋኞቹ ከኢጊ ፖፕና ከዴቪድ ቦዊ ጋር መገናኘት። እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያች አህጉር ላይ ባቡር ሰዎችን ወደ ሞት ማጎሪያ ያጓጓዘበት ጊዜ ገና ከሕዝቡ ትዝታ አልወጣም ነበር፤ ግጥሙ ይህን በአንዲትም ቃል አያነሣም። ጀርመናውያን ወጣቶች በዚያው ሐዲድ ላይ ድንበር የሌለበትን፣ መናፈሻና ሆቴል፣ ቤተ መንግሥትና ጎዳና የሚታይበትን ጉዞ ሲያስቡ፣ ያልተነገረው ነገር ከበስተኋላ ሆኖ ይሰማኛል። የሁተር ድምፅ ጮክ ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ በጠፋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የራይን ማዶ፦

ሁለታችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ኦርኬስትሮን የሚባለውን ሳላውቅ፣ ያ የመዘምራን ድምፅ ለምን የድሮ ቤተ ክርስቲያን እንደሚመስለኝ ስጠይቅ ነበር። ምቱ በእጅ የተመታ መሆኑንም ካነበብኩ በኋላ «ሾውሩም ዳሚስ»ን ስሰማው ሌላ ዘፈን ሆነብኝ፤ እንደ ሱቅ መስኮት አሻንጉሊት ደርቀው የቆሙት ሰዎች መስታወቱን ሰብረው ወጥተው ወደ ጭፈራ ቤት ሲገቡ፣ ለካ ከበስተኋላ የሚመታላቸው ሰው ነው!

ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን አሁንም አልተመለሰም። ስለ አውሮፓ የተጻፈ ሙዚቃ ኒው ዮርክ ገብቶ ምን ሊያደርግ ቻለ?

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ወዳጄ፣ ይህን እኔ ልመልስ። ሸክላ መሰብሰብ ከጀመርኩ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል፤ የዚህ አልበም የመጀመሪያ እትምም በእጄ አለ።

ሸክላው ራሱ የመልሱን ግማሽ ይነግረናል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የርዕሱ ዘፈን ሳይቆም «ሜታል ኦን ሜታል» (ብረት በብረት ላይ) ውስጥ ይገባል። ዜማው ይወርዳል፣ ቃሉ ያልቃል፣ የሚቀረው ምትና የብረት ግጭት ብቻ ነው። አሁን ራስዎን በብሮንክስ የሰፈር ድግስ ላይ እንደሚያጫውት ዲጄ አድርገው ያስቡ። ይህ ሰው የሚፈልገው ዘፋኙ ዝም ያለበትን፣ ምት ብቻ የቀረበትን ቦታ ነው፤ ጨፋሪው የሚነሣው እዚያ ላይ ነውና። ከሌላ ሸክላ የሚያገኘው ይህ ቦታ ጥቂት ሰኮንዶች የማይሞላ ስለሆነ ሁለት ቅጂ ይዞ እየመላለሰ ያራዝመዋል። እነዚህ ጀርመኖች ግን ያንኑ ቦታ ደቂቃ በደቂቃ አስረዝመው፣ አንድም ዝንፈት በሌለው ምት አዘጋጅተው ሰጡት። ቡድኑ ይህን ምት ሲፈልግ ወደ ባቡር ድልድዮች ሄዶ የእውነተኛውን ባቡር ድምፅ እንዳዳመጠና ለጭፈራ የማይመች ሆኖ ስላገኘው ትንሽ እንደለወጠው ይነገራል። እንግዲህ ጭፈራ ከመጀመሪያው በልባቸው ነበር ማለት ነው።

በ1982 የብሮንክሱ ዲጄ አፍሪካ ባምባታ ከቡድኑ ከሶልሶኒክ ፎርስ ጋር «ፕላኔት ሮክ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። አዘጋጁ አርተር ቤከር ሲሆን፣ ጆን ሮቢ የ«ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ»ን ዜማ በሲንተሳይዘር እንደገና ተጫውቶታል። ምቱ ደግሞ የተቀዳው ከዚሁ ቡድን ከ1981ዱ «ኮምፒውተር ወርልድ» አልበም፣ «ነምበርስ» ከሚለው ዘፈን ነው፤ በሮላንድ ቲአር-808 ድራም ማሽን እንደገና ተሠርቷል። በዲትሮይት ደግሞ ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ በሚል ስም የሚታወቀው የሬዲዮ አቅራቢ ክራፍትቬርክን ደጋግሞ ያሰማ ነበር፤ ኋላ ቴክኖ የሚባለውን የፈጠሩት እነ ሁዋን አትኪንስ ያደጉት እርሱን እየሰሙ ነው። ዲትሮይት የመኪና ፋብሪካ ከተማ ናት። ብረት ከብረት ሲጋጭ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ለዚያ ከተማ ልጆች ማስረዳት የሚያስፈልግ አልነበረም። በእንግሊዝ ማንቸስተርም የሮክ ቡድኑ የጆይ ዲቪዥን ወጣቶች ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ይህን አልበም ያስከፍቱ ነበር።

የሚገርመኝ፣ አልበሙ በወጣበት ጊዜ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከ119ኛ አላለፈም። ለአውሮፓ የተጻፈው ደብዳቤ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ የደረሰው ለብሮንክስና ለዲትሮይት ልጆች ነው፤ ያነበቡትም እነርሱ እንደሚፈልጉት አድርገው ነው። ስለዚህ ወራሾቹ እነርሱ ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ኪቦርድ ተጫዋች፦

ሸክላ ሰብሳቢ ያሉትን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። እርስዎ ራስዎ እንደገለጹት የ«ፕላኔት ሮክ» ምት የመጣው ከ«ኮምፒውተር ወርልድ» ነው። በጭፈራ ሙዚቃ ደግሞ ሰውን የሚያስነሣው ምቱ ነው። በኔ እምነት ተጽዕኖው የበረታው የ1981ዱ አልበም ሲሆን፣ «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ደግሞ ውብ የሆነው ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ እንዳልሆኑ ጠያቂያችን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

አስተያየትዎን አከብራለሁ፤ ሆኖም «ፕላኔት ሮክ»ን ሰምቶ የሚያንጎራጉር ሰው የሚያንጎራጉረው ዜማውን ነው፤ ዜማው ደግሞ የባቡሩ ነው። በተጨማሪም «ሜታል ኦን ሜታል» ባይኖር ኖሮ «ነምበርስ» አይኖርም ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ዜማን ጨርሶ ትቶ በምት ብቻ መቆም እንደሚቻል የተማሩት እዚያ ነውና።

የሕግ ተማሪ፦

ስለ «ሜታል ኦን ሜታል» ከተነሣ፣ ይህ ዘፈን በአውሮፓ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ ስላለው ቦታ ብጨምር ለርዕሱ ባዕድ አይሆንም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በ1997 የሙዚቃ አዘጋጁ ሞዜስ ፔልሃም ከዚህ ዘፈን ሁለት ሰኮንድ ያህል ምት ወስዶ ዛብሪና ዜትሉር በዘፈነችው «ኑር ሚር» ውስጥ እየደጋገመ ተጠቀመበት። ሁተርና ሽናይደር ከሰሱ። ክርክሩ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ሲመላለስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2016 ለኪነ ጥበብ ነፃነት ሚዛኑን ከፍ ሲያደርግ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ በ2019 እጅግ አጭር የሆነ ቅንጫቢ እንኳ ያለ ፈቃድ መወሰድ እንደሌለበት፣ ለጆሮ ሊለይ እስከማይችል ድረስ ተለውጦ ከሆነ ግን እንደሚፈቀድ ወሰነ። ጀርመንም በ2021 ሕጓን ስታሻሽል የቀድሞውን «ነፃ አጠቃቀም» የሚለውን ድንጋጌ ሽራለች።

እኔ በዚህ ጉዳይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። የፈጠረ ሰው ድካሙን የመጠበቅ መብት አለው፤ ኪቦርድ ተጫዋች እንደነገሩን በእጅ የተመታ፣ የተደከመበት ምት ነው። በሌላ በኩል ይህ አልበም ዛሬ የምንነጋገርበት አልበም የሆነው ሌሎች ስለወሰዱት፣ ስለቆረጡትና ስለደጋገሙት ነው። ሁለት ሰኮንድ የሚሆን ድምፅ ለክስ የሚያበቃ ማንነት እንዲኖረው ማድረግ መቻላቸው ግን በራሱ የችሎታቸው ምስክር ነው።

የራይን ማዶ፦

ከጠበቅሁት በላይ ተማርኩ። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ አልበሙ በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም እንዳለ አየሁ። የትኛውን ልስማ?

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ጀርመንኛ ስለሚሰሙ «ትራንስ ኦይሮፓ ኤክስፕረስ» የሚለውን የጀርመንኛ ቅጂ ይውሰዱ፤ ቃላቱ አጫጭርና ቁርጥ ያሉ ስለሆኑ ከምቱ ጋር የተሰፉ ይመስላሉ። በ2009 ድምፁ ታድሶ የወጣውን ካገኙ «ሜታል ኦን ሜታል» ለብቻው፣ ከእርሱ የሚቀጥለው «አፕትሱግ» ደግሞ በራሱ ስም ተለይቶ ተጽፎ ያገኙታል፤ ሲሰሙ ግን አያቋርጡት። ሁለተኛው ገጽ ሃያ ደቂቃ ስለማይሞላ ለመንገድዎ ይበቃል። ባቡርዎ ከኮሎኝ ተነሥቶ የሆኤንዞለርን ድልድይ ላይ ሲወጣ ይጀምሩት።

የራይን ማዶ፦

እንዳሉኝ ዛሬ ጠዋት አደረግሁት። ድልድዩ ላይ የባቡሩ ጎማና የዘፈኑ ምት ለጥቂት ጊዜ አብረው ሄዱ፤ ከዚያ ባቡሩ ፍጥነት ሲጨምር ተለያዩ፤ የእውነተኛው ባቡር ድምፅ ለጭፈራ አይመችም ያሉት በጆሮዬ ገባኝ። የርዕሱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ስለደገምኩት ዱሰልዶርፍ ስንገባ «ፍራንዝ ሹበርት» ገና አላለቀም ነበር። ከባቡሩ ወርጄ መድረኩ ላይ እንደቆምኩ ሐረጓ እየራቀች ሄዳ፣ በቮኮደር (የሰውን ድምፅ የማሽን በሚያስመስል መሣሪያ) የተለወጠው ድምፅ የመጨረሻዋን ቃል ደጋግሞ ዝም እስኪል ድረስ አዳመጥኩ። ሥራ ቦታ የደረስኩት አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ነው።